3,000 ብር ጭማሪው እንዴት 180 ብር ሆነ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ካለ አንድ ድርጅት ለሥራ ተደወለልኝ። ደመወዙ 23,000። የማገኘው 20,000 ስለነበር መልቀቂያ ለመጻፍ ምንም አልቀረኝም። እውነቱን ልናገር፣ ስለ ደመወዝ ሲነሳ የምጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

ያዳነችኝ ሂሳብ ሠራተኛ የሆነች ጓደኛዬ ናት። ጣና ዳር ዓሣ ጉላሽ እየበላን ሳወራላት፣ "ቆይ አንቺ፣ የተጣራውን አስልተሽዋል?" አለችኝ። የት አስልቼ! ደረሰኙን ገለበጠችና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው ስሌት ከ14,000 በላይ የሆነው ብር ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው፣ ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ። 23,000ው 15,390 ሆኖ አረፈው። የኔው 20,000 ደግሞ 13,650። ልዩነቱ 1,740 ብር።

"ትራንስፖርትስ?" አለች። ያለሁበት መሥሪያ ቤት ሰርቪስም ምሳም አለው። ዓባይ ማዶ ግን ለመሄድ ሁለት ባጃጅ፣ ለመመለስ ሁለት ባጃጅ ነው፤ አንዱን በ15 ብር ብንይዘው በቀን 60፣ በ26 የሥራ ቀን 1,560። የቀረችኝ 180 ብር ናት፣ ያውም ምሳ ሳይታሰብ። ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ወደ ድርጅቱ ሄጄ ደመወዙ እንዲጨመርልኝ ጠየቅኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ "እህቴ፣ የደመወዝ ስኬሉ አይፈቅድም" አሉኝ። ደመወዙን ተውኩትና ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ምሳና ስለ ቤተሰብ ሕክምና ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡና፣ "ደመወዙን 14,000፣ ቀሪውን 9,000 አበል እናድርግልሽ" አሉ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ የሚሰላው አበል ሳይጨመር ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው፤ ከ23,000 ከሆነ 2,530፣ ከ14,000 ከሆነ 1,540። በየወሩ ከሚከፈልልኝ የጡረታ መዋጮ 990 ብር ይጎድላል ማለት ነው፤ እኔ የማዋጣውም አብሮ ያንሳል። እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ ሰርቪሱ በሰፈሬ በኩል እንዲያልፍ፣ ሕክምናውም ልጄን እንዲጨምር ተስማማን (ባለቤቴን አልጨመሩትም)። ሁሉም ቅጥር ደብዳቤው ላይ እስኪሰፍር ግን አልፈረምኩም። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት በቃል ቦነስ ቃል ገብቶልኝ፣ ዓመቱ ሲያልቅ "ማን አለሽ?" ተብዬ ተመልሻለሁና።

ምሳውን ግን ፈጽሞ አልሰጥም አሉ። ይኸው ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ ነው የምሄደው።