ብሬከር ደጋግሞ ሲጥል ትልቅ ብሬከር አታስገቡ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ እስከ መጨረሻ የማያነብ ሰው ስለማይጠፋ። ቤታችሁ ብሬከር እየጣለ ካስቸገራችሁና የመጣው ባለሙያ "ይሄ ትንሽ ነው፣ በትልቅ ልቀይርላችሁ" ካለ የታክሲ ሰጥታችሁ ሸኙት። ብሬከሩ የተቀመጠው ምጣዱን ወይ ፍሪጁን ለመጠበቅ አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ፣ ውሻው ጮኸብን ብሎ ውሻውን ገድሎ እንደመተኛት ነው። ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ስንት ብር ስንት ንዴት ይቀርልን ነበር።

ያለነው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች፣ ስለዚህ ምጣዱ እኛ ቤት እንደ ሌላው ሰው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሳይሆን በየቀኑ ነው የሚሰራው። ችግሩ እንዲህ ነበር፣ ምጣዱ ይሰካል፣ ይሰማል፣ ደህና አድርጎ የተወሰነ እንጀራ ያወጣል፣ ከዛ ጧ! ቤቱ ጭልም። ወዲያው ብሬከሩን ስናነሳው አልነሳም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ሁለት ሶስት እንጀራ፣ ደግሞ ጧ። ምጣድ ላይ ያለው ግማሹ አይን አውጥቶ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ እማዬ ደግሞ ሱቆቹ እየደወሉባት።

አሁን ሳውቀው ነገሩ ግልጽ ነው። ብሬከር ውስጥ ሁለት የሚጥሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቀጭን ሰሌዳ ነው፣ ከልክ ያለፈ ከረንት ሲያልፍበት ቀስ እያለ ይሞቅና ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ማብሪያውን ይጥለዋል፣ እስኪበርድ ድረስም አልነሳም ይላል። ሁለተኛው ማግኔት ነው፣ እሱ ሾርት ሲፈጠር (ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ) በቅጽበት ነው የሚጥለው። የእኛው በሙቀት የሚጥለው ነበር። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ፣ ወጥ የሚሰራበት ስቶቭ 2,000 ዋት፣ እሱ ብቻውን 9፣ ሁለቱ 25 መጡ፣ ፍሪጁ ሲነሳ ደግሞ ይጨምራል፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ባለ 2.5 ሽቦና (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) በአንድ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ላይ። ባለ 20 ብሬከር 25 ስላለፈበት ወዲያው አይጥልም፣ ሳይጥልም ሊቆይ ይችላል። ግን የእኛው ብሬከር ሽቦው የሚታሰርበት ብሎን ላልቶ ነበር፣ የላላ ብሎን ራሱ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ብሬከሩ ውስጥ ይገባና ከጊዜው በፊት ይጥላል። ማለትም ስራው ብሎን ማጥበቅና ስቶቩን ከምጣዱ መለየት ነበር!

የመጣው ባለሙያ ግን ምን አደረገ? ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩ ያውቀዋል። ካቻቪቴውን በኪሱ ይዞ መጣ፣ ምጣዱን አላየም፣ ስንት ዋት ነው አላለም፣ የሽቦውን ውፍረት አላየም። "እናቴ፣ ይሄ ለምጣድ አይሆንም፣ ትንሽ ነው" አላት፣ ባለ 40 ከሱቅ አስመጣና ቀየረው። እግረ መንገዱን የምጣዱን የኧርዝ ሽቦ (የሾለከ ከረንት ወደ መሬት የሚወስደውን) "ምንም አይሰራም" ብሎ በናስትሮ ጠቅልሎ አጠፈው። እማዬ ስንት ጊዜ መረቀችው መሰላችሁ፣ ምክንያቱም እውነትም ከዛ በኋላ መጣሉን አቆመ።

አቆመ እንጂ! 25 አምፔር ባለ 40 ብሬከርን አንድም ቀን አያስነጥሰውም። ሽቦው ግን ያው ባለ 2.5 ነው፣ በቱቦ ገብቶ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በየቀኑ ለሰዓታት ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። እማዬ ምጣዱ ስር ፌስታል የገባ መስሏት ጠርጋ ጠርጋ አጣችው። ቀጥሎ ሶኬቱ ነጭ የነበረው ዙሪያው እንደ ሻይ ቀለም ሆነ፣ ስፒናው ሲነቀል ያቃጥል ጀመር። ባለሙያውን ስንደውልለት "ምጣድ ሲሰራ ሶኬት ይሞቃል፣ ኖርማል ነው" አለ። ኖርማል! ለብ ማለት አንድ ነገር ነው፣ እጅ የማያስይዝ ሶኬት ግን በየትኛውም አገር ኖርማል አይደለም፣ ተራ የቤት ሶኬት ጣሪያው 16 አምፔር ነው፣ የእኛ ምጣድ ብቻውን እዛ ጣሪያ ላይ ነው ያለው።

ከዛ አንድ ማለዳ ከግድግዳው ላይኛው ጥግ፣ ሽቦዎቹ ከሚገናኙበት ጀንክሽን ቦክስ፣ ጭስ። ብሬከሩን ቀና ብዬ አየሁት፣ ንቅንቅ አላለም፣ እንደተነሳ ቆሟል። ቆጣሪው ጋ ሮጬ ዋናውን አጠፋሁት። ክዳኑ ሲከፈት ፌዙና ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመጣበትና የሚመለስበት ሽቦ) የየራሳቸው ልባስ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ ባዶውን መዳብ ከመዳብ የለየው የጥፍር ውፍረት የማይሞላ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሽቦውን ሳብ ሲያደርጉት ልባሱ እንደ ደረቀ ቋንጣ እየተሰባበረ ረገፈ። እዛ ጋ የተጠመዘዘውም በናስትሮ ብቻ ነበር፣ ማሰሪያ የለውም። ማወቅ ያለባችሁ ደግሞ፣ ከብሬከሩ ርቆ ያለ ማያያዣ ላልቶ ሲግል ተራ ብሬከር ምንም አያይም፣ ከረንቱ ጨምሮ ስላልሆነ፣ ስለዚህ ሽታ ስትሰሙ ብሬከሩን አትጠብቁ።

ሰውየውን ስንጠራው መጣና "የሽቦው ጥራት ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ምጣዱ ነው፣ ቀይሩት"። በመጨረሻ "እኔ እኮ እንዳይጥል አድርግልኝ ስላላችሁ ነው" ብሎ ሄደ። ቆይ፣ ዶክተር ጋ ሄዶ ትኩሳቴን አጥፋልኝ ያለ ሰው ቴርሞሜትሩ ይሰበርለታል እንዴ? ቅሬታ ላስገባ የሄድኩበት ቢሮም (የትኛው እንደሆነ ይቅር) "ደረሰኝ አለሽ?" አሉኝ። የሰፈር ባለሙያ ደረሰኝ ሲሰጥ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከዛ መስኮት ወደዚህ መስኮት፣ "ደብዳቤ ጽፈሽ ነይ"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ በቃ ተውኩት።

ማስተካከሉ ራሱ ፈጣን ነበር። ቴክኒክና ሙያ የተመረቀ አንድ ልጅ መጣ፣ መጀመሪያ የጠየቀው የምጣዱን ዋት ነው፣ ያኔ ነው ያመንኩት። ለምጣዱ ከፓኔሉ ቀጥታ ባለ 6 ሽቦና የራሱ ባለ 25 ብሬከር፣ ሶኬት የሚባል ሳይኖር በቋሚ ማብሪያ። ለስቶቩ ሌላ መስመር ባለ 2.5 ከባለ 16 ጋር፣ ለመብራቱ ባለ 1.5 ከባለ 10 ጋር። ኧርዙ ተቀበረ፣ ምጣዱ ላይ ታሰረ። ከፊት ደግሞ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር፣ እሱ የሚያየው ሎድ (ዕቃዎቹ የሚስቡትን ጭነት) አይደለም፣ በፌዝ ገብቶ በኒውትራል ሳይመለስ በሰው ወይ በምጣዱ አካል በኩል ወደ መሬት የሚሾልከውን ከረንት ነው።

ታዲያ ክረምት ሲገባ ይሄኛው ይጥል ጀመር። የደብረ ብርሃንን ጉምና ብርድ ታውቁታላችሁ፣ የምጣድ ሸክላ እርጥበት ይጠጣል፣ የሚግለው ሽቦ የተቀበረው እዛ ሸክላ ውስጥ ነው፣ ማለዳ ገና ሲበራ ጣል። ጎረቤታችን እትዬ "ኧርዙን አስቆርጪው ልጄ፣ የኔ ተቆርጦ ይኸው በሰላም እጋግራለሁ" አሉኝ። የሳቸው ምጣድ ይነዝራል፣ የሚጋግሩት ኮንጎ ጫማ አድርገው ጣውላ ላይ ቆመው ነው! ኧርዝ ሲቆረጥ መሾለኩ አይቆምም፣ መንገድ ይጠብቃል፣ መንገዱ ደግሞ ማሰሻ የያዘው እጃችሁ ነው። እኛ ምጣዱን ከውጭ ማድቤት ወደ ደረቅ ክፍል አስገባነው፣ በጋቢ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ነገር እንሸፍነዋለን፣ በጣም ሲረጥብ ፀሐይ ላይ ወይ ከሰል አጠገብ ይውላል። ከዛ ወዲህ ሰላም ነው።

ሲጥል አጣጣሉን ልብ በሉት። በርዶም እንኳ ገና ሲነሳ ጧ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሾርት ነው፣ ደጋግማችሁ አታንሱት፣ ሁሉንም ነቅላችሁ ሞክሩ፣ ያኔም ከጣለ ሽቦው ራሱ ነው። ቆይቶ የሚጥል ሎድ በዝቶ ወይ ብሎን ላልቶ ነው። ሊኬጅ ብሬከር ካላችሁና በዝናብ ቀን ወይ አንድ የተለየ ዕቃ ሲሰካ እሱ ከጣለ ከረንት እየሾለከ ነው። "መብራት ስለደከመ ነው ብሬከሩ የሚጥለው" የሚሉትን ደግሞ ስለ ምጣድ ከሆነ አትስሟቸው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ የሚስበው ከረንትም ይቀንሳል፣ በ190 ቮልት ያ 3,500 ዋት ወደ 2,600 ይወርዳል፣ እንጀራው ይዘገያል እንጂ ብሬከር አይጥልም። ፍሪጅ ግን ሌላ ነው፣ ሞተር ስለሆነ ቮልቴጅ ሲደክም ብዙ ይስባል።

የአየሩም ነገር አለ። የቤት ብሬከር ልኩ የሚወጣው በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው፣ ለዚህ ነው ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ቆርቆሮ ማድቤት ውስጥ የሰቀለችው ብሬከር በቀትር ቶሎ የሚጥለው፣ እዚህ ብርዱ ላይ ደግሞ ያው ብሬከር ይታገሳል። ስታንዳርዱ የሚያስበው ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ነው፣ ስስ አየር ሙቀት በደንብ አያስወጣም፣ ስለዚህ ብርዱን ተማምናችሁ ብሬከሩን እስከ አቅሙ ጫፍ አታሠሩት።

"ኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ይንካው" የሚለውን ምክር በግማሹ ነው የምቀበለው። እናንተ አትንኩት፣ ግን ባለሙያው ሲሰራ ቡና አፍልታችሁ ጓዳ አትግቡ፣ አጠገቡ ቁሙ፣ ሽቦው ባለ ስንት ነው፣ ብሬከሩ ባለ ስንት ነው በሉት፣ ከተቆጣ ሌላ ጥሩ። ሊኬጅ ብሬከር ስትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ መብራት አስገብተው ቲ የምትለዋን ቁልፍ ይጫኑላችሁ፣ ያለ መብራት ብትጫን አትሰራም፣ በመብራት ተጭና ካልጣለች መልሱት። ዲቫይደር ላይ ምጣድ የሚሰካ ሰውን ግን ምን ብዬ እንደምመክረው አላውቅም።

ሰውየው አሁንም ሰፈራችን ውስጥ ይሰራል። በቀደም እነ እትዬ ቤት ባለ 63 አስገብቶ አየሁ፣ ገብቼ ሁሉንም ነገር አስረዳኋቸው፣ የእኛንም የተቃጠለ ሽቦ አምጥቼ አሳየኋቸው። "እሱስ ልክ ነሽ ልጄ፣ ግን አሁን እኮ አይጥልም" አሉኝ።