አራተኛው ጥያቄ

በአንድ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ቬትናም የዘመቱ ሰዎች ያሳለፉትን ውጊያ በነጥብ የምንለካው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቴሬንስ ኪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጠይቅ ነበር። ሰባት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት፣ ከ0 እስከ 41 የሚያስቆጥር አጭር መለኪያ ነው፤ እግረኛ ጦር ውስጥ የነበሩት ወንዶች ቡናቸው ሳይቀዘቅዝ ጨርሰውት ይሄዱ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ቬትናም ውስጥ ፕሌይኩ በነበረው የጦር ሜዳ ሆስፒታል ያገለገሉ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ቀረቡልኝ። የቅኝት ግዳጅ ወጥተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አልወጡም። በጠላት ተከበው ያውቁ እንደሆነም ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። አራተኛው ጥያቄ ከጦር ክፍላቸው ወታደሮች ስንት በመቶው እንደተገደለ፣ እንደቆሰለ ወይም እንደጠፋ የሚጠይቅ ነው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ክፍሌ ማን ነው?» አሉኝ። «አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶችና ሐኪሞች ከሆኑ ሁላችንም በሰላም ተመልሰናል። አልጋ ላይ የነበሩት ከሆኑ ግን መቶ በመቶ ቁስለኞች ናቸው። የትኛውን ትጽፋለህ?»

መመሪያውን አነበብኩላቸው፤ የተመደቡበት ክፍል ይላል። «እንግዲያውስ ማንም አልተጎዳም በል» አሉና ቀጠልን። ሰው በጥይት ሲመታ ምን ያህል ጊዜ እንዳዩ ስጠይቃቸው፣ «ሲመታማ አላየሁም፤ ከተመታ በኋላ ነው በሄሊኮፕተር የሚያመጡልኝ» አሉ። ቁስለኛ በብዛት ሲገባ ሊተርፉ አይችሉም የተባሉት ከመጋረጃ ጀርባ ይደረጉ እንደነበር፣ ማን ወደዚያ እንደሚሄድ ሲለይ አጠገብ ቆመው ይረዱ እንደነበርና ፋታ ሲያገኙ ገብተው ፊታቸውን ያጥቡላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ይህን የምሞላበት ሣጥን ስላልነበረ በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፍኩት። ነጥባቸው ተደምሮ «ቀላል» ከሚባለው ደረጃ ላይ ዐረፈ።

መረጃ አስገቢው የኅዳጉን ጽሑፍ ዘለለው፤ እሱን አልወቅስም፣ ኮምፒውተሩም ቦታ አልነበረውም። ጉዳዩን ለጥናቱ መሪ ሳነሣ ነርስ የኋላ ደጀን እንደሆነች አስረዱኝ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1969 ሻሮን ሌን የተባለችው መቶ አለቃ ነርስ ቬትናም ውስጥ «ቹ ላይ» በተባለው ቦታ በነበረው ሆስፒታል ሥራዋ ላይ እንዳለች በሮኬት መገደሏን ጠቀስኩላቸው፤ «አንድ ሰው መረጃ አይሆንም» አሉ። ጄሲካ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ቬትናም ለነበሩ ሴቶች ብለው ያሳተሙት መለኪያ መኖሩን ባነሣ ደግሞ፣ ወንድና ሴት በአንድ ሜትር ካልተለኩ ማወዳደር እንደማይቻል ነገሩኝ። በዚህኛው ነጥብ እውነት አላቸው፤ እስከ ዛሬም አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። ቢሆንም ውጤቱ በቀረበበት ዕለት፣ የሴቶቹ የውጊያ ገጠመኝ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የጭንቀት ምልክታቸው ከተጠበቀው በላይ መገኘቱ «ተጨማሪ ጥናት የሚሻ እንቆቅልሽ» ነው ሲሉ ከኋላ ወንበር ላይ ሳል ያዘኝ።

እኔም ነገሩን የሴቶች ጉዳይ ብቻ አድርጌ ይዤው ነበር፤ በኋላ ግን አስከሬን በሚሰበስብና ማንነቱን በሚለይ ክፍል ያገለገሉ አንድ ሰው መጥተው አራተኛው ጥያቄ ላይ ልክ እንደ ነርሷ ቆሙ። ኪንግ የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከዶን ቮግት ጋር ባዘጋጁት መጠይቅ ውጊያውንና ከውጊያው በኋላ የሚታየውን ለየብቻ መጠየቃቸው ለካ ለሁሉም ነው። መለኪያው ጠመንጃ ለያዘ ሰው ብቻ የተሰፋ ልብስ ነበር።

የእኚህን ሰው ቅጽ ይዤ ስገባ የጥናቱ መሪ ጉዳዩ አሳሳቢ መሆኑን ወዲያው ተረዱ። ስብሰባ ተጠራ፣ መመሪያው ተሻሻለ፣ ለተጨማሪ አስተያየት የሚሆን ቦታም ተፈቀደ። በቃለ ጉባኤው ላይ ችግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በዚያን ዕለት እንደሆነ ሰፍሯል፤ እኔም እንደ ተሰብሳቢ ፈርሜበታለሁ።