የማልቦርክ ግንብ ሽንት ቤት

ፖላንድ ውስጥ ወዳለችው ማልቦርክ ከተማ ስሄድ ባቡር የቀየርኩበት ጣቢያ አናደደኝ። ሽንት ቤቱ በሳንቲም ብቻ ነው የሚከፈተው። እኔ ደግሞ የያዝኩት ባለ 50 ዝሎቲ ኖት ነው። ጠባቂዋ ዝርዝር የለኝም ብላ ፊቷን አዞረች። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ምንም ሳይሉ ሳንቲም ከተቱልኝ። ቋንቋቸውን ስለማልችል እጅ ነሳሁ። እግዜር ይስጣቸው። ሰውን ለሽንት ማስከፈል ግን አሁንም አይዋጥልኝም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው።

ግንቡ ኖጋት ወንዝ ዳር የቆመ ቀይ ጡብ ነው። ቴውቶኒክ የሚባሉት ጀርመናውያን ተዋጊ መነኮሳት በ13ኛው መቶ ዘመን ጀመሩት። እ.ኤ.አ. ከ1309 ጀምሮ የአለቃቸው መቀመጫ ሆነ። አዳራሹንና የጦር መሣሪያውን አለፍ አለፍ እያልኩ አየሁ። የመጣሁት ለግዳኒስኮ ነው።

ግዳኒስኮ ከዋናው ግንብ ተነጥሎ የቆመ የሽንት ቤት ማማ ነው። በቅስቶች ላይ የተዘረጋ፣ ጣሪያ ያለው ረጅም መተላለፊያ ወደዚያ ይወስዳል። የሚወርደው ሁሉ ማማው ሥር ይወድቃል። በብዙ ግንቦች ሽንት ቤት ማለት በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ የተቦረቦረ ጠባብ ክፍል ነው። ቆሻሻው እዚያው ግድግዳው ሥር ይወድቃል። ዌልስ ውስጥ በኮንዊ ከተማ ቅጥር ላይ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብለው የተሠሩ 12 ሽንት ቤቶች በተርታ አሉ። የማልቦርክ ሰዎች ግን ሽታውን ከመኝታቸው አራቁት። አያቴም ሽንት ቤት ጓሮ ዳር ካልሆነ አይሆንም ትል ነበር። ሌሊት በዝናብ መውጣት ቢያማርረንም ንቅንቅ አላለችም። ልክ ነበረች።

ማማው መከላከያም ነበር፤ ጠላት ግንቡን ቢይዝ የመጨረሻው መሸሸጊያ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1410 ቴውቶኒኮቹ ከተሸነፉበት ከግሩንዋልድ ጦርነት በኋላ የፖላንድና የሊቱዌኒያ ጦር ግንቡን ለሁለት ወር ገደማ ከቦ ሳይዘው ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ውስጥ የታጎረውን ሰው አስቡት! እህልና ቀስት ብቻውን አያዘልቅም። ሆኖም አስጎብኚው የጎመን ቅጠል እንደ ሶፍት ይጠቀሙ ነበር ሲል ሁሉም ሳቀና ወደ ሰይፎቹ ሄደ። ቅር አለኝ። ያን መተላለፊያ ያሰበው ግንበኛ ከሰይፍ አንጣሪው አያንስም።

ማልቦርክ የደረሰ ሰው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የክቪጂንንም ግንብ ይይ። እዚያ ያለው የሽንት ቤት መተላለፊያ በግዙፍ ቅስቶች ላይ ከግንቡ ርቆ ይወጣል። እኔ መሽቶብኝ ቀረሁ። ቀኑ ሲረዝም እሄዳለሁ።