ልማድና ቅርበት

መስከረም በጠባ ቁጥር ማጨስ አቆማለሁ፣ ማለዳ እነሳለሁ፣ ገንዘብ እቆጥባለሁ ብሎ ለራሱ ቃል የሚገባ ሰው ብዙ ነው። ቃሉ በጥቅምት ሲላላ ራሱም ቤተሰቡም ጥፋቱን በቁርጠኝነት ማነስ ያሳብባሉ። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ልንተወው ያሰብነው ነገር ምን ያህል ቅርባችን እንዳለ፣ ልንለምደው የፈለግነውስ ምን ያህል ከእጃችን እንደራቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ከዐቢይ ጾም የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ሲታቀቡ ዋናው ኃይላቸው እምነታቸው ነው፤ ይህን ለማሳነስ አልተነሳሁም። ይሁን እንጂ ከቅበላው ማግስት ጀምሮ ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ምግብ ቤቶች ሽሮና በያይነቱ ያስቀድማሉ፣ በየቤቱ የጾሙ ድስት ተለይቶ ይወጣል፣ ቅቤው ከዓይን ይርቃል፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራም የሚያቀርበው ቆሎ ነው። ጿሚው በየሰዓቱ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ መንደሩ አብሮት ይጾማልና። ያው ሰው ቨርጂኒያ ሲገባ እምነቱ ሳይጎድል ጾሙ ይከብደዋል። መሥሪያ ቤቱ ፒዛ ያዝዛል፤ አንድ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ወተት ወይም እንቁላል እንደሌለበት ለማረጋገጥ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። ምሳውን ማታ አዘጋጅቶ ቋጥሮ የሚወጣው ግን በእጅጉ ይቀልለዋል።

እቁብም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዕጣው እስኪደርሰው የሚጠብቅ ሰው የሳምንቱን መዋጮ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ ብሎ አያወጣም አያወርድም፤ ዳኛውና ማኅበርተኛው ይጠብቁታልና።

በአዲስ አበባ ሲጋራን ያየ ሰው የነገሩን ሌላ ገጽ ያገኛል። በታክሲ መያዣውና በካፌው በረንዳ የሚዞረው ሱቅ በደረቴ ከማስቲካና ከሶፍት ጎን ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል፣ ላይተሩንም አብሮ ያቀብላል። ገዢው ፓኮ ለመግዛት መወሰን፣ ክብሪት መፈለግ፣ ከወንበሩ መነሳትም አይጠበቅበትም። ማስቲካ ለመግዛት የጠራው ሰው ሲጋራውን ሲያይ ያምረዋል፤ ብዙዎች «አቁሜያለሁ» ካሉ በኋላ የተመለሱት በዚች በአንዷ ፍሬ ይመስለኛል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታዎችና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም ትምባሆ እንዳይሸጥ ሲደነግግ፣ በአጫሹና በሲጋራው መካከል ርቀት አበጅቷል። ለማጨስ ወሬ አቋርጦ፣ በክረምት ጃኬት ደርቦ ደጅ መውጣት ግድ ሲሆን ከሚያምረው ውስጥ ከፊሉ ይቀራል። ይህ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ። ግን ደጅ የወጣውን ሰው ሱቅ በደረቴው እዚያው ይጠብቀዋል፤ በተለይ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ይህን ማየት ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም።

ለዓመታት ያጨሱ የነበሩ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ሲያቆሙ ያደረጉትን በቅርብ አይቻለሁ። የከሰዓት ማኪያቷቸውን ከበረንዳው ወደ ውስጥ አዛወሩ፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ሱቅ በደረቴዎች የሚበዙበትን ፌርማታ ትተው አንድ ፌርማታ በእግራቸው ቀጠሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ ዝርዝር መያዝም ተዉ። በቴሌብር መክፈል ሲለመድ ግን ዝርዝር አለመያዛቸው ምንም የማይከለክል ሆነ። ስለዚህ የሰፈራቸውን ባለሱቅ ጠርተው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ፓኮ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ብለምንህም እንዳትሸጥልኝ» አሉት። አንድ ምሽት ተናደው ሲመጡ ልጁ ውኃ አቀረበላቸውና «ጋሼ፣ ራስዎ ነዎት ያሉኝ» ብሎ መለሳቸው። ሌላ ሱቅ ለመፈለግ አስፋልቱን መሻገር ነበረባቸው፤ አልተሻገሩም።