የመሳቢያ ፊት ወደ ታች እንዲታጠፍ ሲደረግ፦ ጣጣው ያለው ከታችኛው ጠርዝ ነው

የቴሌቪዥን ማስቀመጫው የላይኛው መሳቢያ አሁን መልኩ ብቻ ነው መሳቢያ። ፊቱ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲዘጋ ደግሞ ከታቹ ካሉት መሳቢያዎች አይለይም። ማጠፊያው ከውጭ አይታይም። ውጤቱ ደህና ስለሆነ እነሆ ዝርዝሩ። ሰው ሁሉ ስለ ማጠፊያው ዋጋ ነው የሚጨነቀው፤ ሥራውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማጠፊያው ክንድ ጉብጠትና ማጠፊያው የሚታሰርበት እንጨት ነው።

መፍታቱ ላይ ብዙ አልቆይም። መሳቢያውን ከሀዲዱ አውጥታችሁ ውስጡን እዩ። ፊቱ በ4 ብሎን የታሰረ ተደራቢ ከሆነ በካቻቪቴ ያልቃል። በዋንዛ የተሠሩት የድሮዎቹ ግን ፊቱና ጎኑ በጥርስ ተጋጥመው በኮላ የተያዙ ናቸው፤ በመዶሻ እናላቅቅ ካላችሁ ፊቱን ትሰነጥቁታላችሁ። ጎኖቹን ከፊቱ 3 ሚሊ ያህል አስቀርቶ በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ መቁረጥ፣ ትርፉን በመላጊያ ማስተካከል ነው። ሀዲዱን ፍቱት። የሳጥኑን ወለል ግን አትጣሉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ማጠፊያው የወጥ ቤት ካቢኔ ላይ የሚገባው፣ ፊቱ ውስጥ የሚቀበር ክብ ሲኒ ያለው ዓይነት ነው። ለሲኒው 35 ሚሊ ስፋትና እንደ ሥሪቱ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። የጉድጓዱ ጠርዝ ከፊቱ የታችኛው ጠርዝ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ይርቃል። 4 ሚሊ ከመረጣችሁ ማዕከሉ 21.5 ሚሊ ላይ ይውላል። ወለሉን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚቆፍር የማጠፊያ ፑንታ ግዙ። አካፋ የሚመስለውን ፑንታ ለዚህ ሥራ የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት፤ የመሐል ሹሉ ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱ ሳያልቅ በፊት ለፊት በኩል ብቅ ይላል። የማጠፊያው ፑንታም ቢሆን ትንሽ ሹል አለው። 16 ሚሊ ቺፑድ ላይ 13 ሚሊ ስትቆፍሩ የሚተርፈው 3 ሚሊ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሹሉን በሞረድ አሳጥሩት፣ ጥልቀቱንም ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ድሪሉ በዝግታ ይዙር። በፍጥነት ከተሽከረከረ ዋንዛውን ያቃጥለዋል፣ የቺፑዱን ጠርዝ ደግሞ ይሸርፈዋል። መብራት ይጠፋል ብላችሁ በባትሪ ድሪል የምትሠሩ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ 35 ሚሊ ፑንታ ደካማ ባትሪን መሐል ላይ ያቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። እነዚህ ማጠፊያዎች ሦስት ዓይነት ክንድ አላቸው፦ ቀጥ ያለ፣ በመጠኑ የጎበጠ እና በጣም የጎበጠ። ልዩነቱ ፊቱ ከሥሩ ያለውን እንጨት ምን ያህል ይሸፍናል የሚለው ነው። ቀጥ ያለው 16 ሚሊ ገደማ ይሸፍናል። በመጠኑ የጎበጠው ከዚያ 9 ሚሊ ያህል ይቀንሳል። በጣም የጎበጠው ፊቱን ከሳጥኑ ውስጥ ያስገባዋል። ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ ማጠፊያ ብላችሁ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚዘረጋላችሁ ቀጥ ያለው ነው፤ ለካቢኔ በር የሚፈለገው እሱ ስለሆነ።

ለመሳቢያ ግን አስሉት። በሁለት መሳቢያዎች መካከል ያለው እንጨት 18 ሚሊ ነው እንበል። የላይኛውም የታችኛውም ፊት ይጋሩታል፣ በመካከላቸው 3 ሚሊ ክፍተት አለ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 7.5 ሚሊ ነው። ቀጥ ያለ ማጠፊያ ብታስገቡ ፊቱ 8 ሚሊ ያህል ወደ ታች ወርዶ የታችኛው መሳቢያ ላይ ይደረባል። በማስተካከያ ብሎን አይድንም፤ ብሎኑ የሚሰጣችሁ ወደ 2 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከል ላለ መሳቢያ በመጠኑ የጎበጠው፣ ከሁሉ በታች ላለውና ወለሉን ሙሉ በሙሉ ለሚሸፍነው ቀጥ ያለው ይሆናል። ትንሽ ልዩነት ከቀረ ሁለት መላ አለ፦ የሲኒውን ጉድጓድ ከጠርዙ 1 ሚሊ ብታርቁት ሽፋኑ 1 ሚሊ ይጨምራል፤ ከመቀመጫው፣ ማለትም ክንዱን እንጨቱ ላይ ከሚያስረው ብረት፣ ሥር 1 ሚሊ ስስ ነገር ብታስገቡ 1 ሚሊ ይቀንሳል።

ጉብጠቱ ሌላም መዘዝ አለው። ፊቱ ተዘርግቶ ሲቆም ከውስጡ ወለል ጋር እኩል አይሆንም። በቀጥታው ጥቂት ሚሊ፣ በመጠኑ በጎበጠው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በጣም በጎበጠው ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሪሲቨሩን ጎትቶ ለማውጣት ይህ ደፍ ይሆናል። ቅድም አትጣሉት ያልኩት የመሳቢያው ወለል፣ ወይም 9 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ተቆርጦ ሲነጠፍ ደረጃው ይጠፋል። ፊቱ ከክፈፉ ውስጥ ገብቶ ለሚዘጋ የድሮ ቡፌ ይህን ማጠፊያ ባትሞክሩት እመርጣለሁ። ጠርዙ ውስጥ የሚቀበረው በርሜል መሰሉ ይሻለዋል።

መቀመጫውስ የት ይታሰራል? አብዛኛው መሳቢያ ከሥሩ ወለል የለውም፤ ከፊት አንድ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አግዳሚ ብቻ ነው ያለው። የመቀመጫው ብሎኖች ደግሞ ከፊት ጠርዝ 37 ሚሊ ላይ ያርፋሉ፣ ክንዱም ከዚያ ወደ ኋላ ያልፋል። በአግዳሚው ጫፍ ላይ የገባ ብሎን እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ወይም በትንሽ ጊዜ ይነቃነቃል። ስለዚህ ከአግዳሚው ጋር እኩል ሆኖ 18 ሚሊ ውፍረት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከጎን እስከ ጎን ይግባ። በኮላ ተለጥፎ ከሁለቱ ጎኖች ይታሰራል። ብሎኑ 3.5 በ16 ሚሊ ነው። ዋንዛ ላይ አስቀድማችሁ በ2.5 ሚሊ ብሱት። ቺፑድ ላይ የላላ ቀዳዳ ካጋጠማችሁ በክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ ለሳምንት ነው፤ 8 ሚሊ ድፍን እንጨት በኮላ ቀርቅራችሁ፣ አድሮ ሲደርቅ እንደገና ብሱ።

ዋንዛ ፊት ብዙ ጊዜ ከ20 ሚሊ በላይ ይወፍራል። ወፍራም ፊት ሲከፈት የውጭ የታችኛው ጠርዙ ዞሮ የታችኛውን መሳቢያ ይፍቃል። ሙሉውን ፊት ከመቆፈር በፊት ተመሳሳይ ውፍረት ያላት 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ አንድ ማጠፊያ አስራችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት። ከነካ ያንን ጠርዝ 3 ሚሊ ያህል በብርጭቆ ወረቀት አክብቡት። ክፍተቱን ደግሞ ወቅቱን አይታችሁ ተዉ፦ በበጋ የምትገጥሙ ከሆነ 3 ሚሊ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሆነ 2 ሚሊ ይበቃል። በክረምት ዋንዛ በቁመቱ ሳይሆን በጎኑ ያብጣል፣ የመሳቢያ ፊት ጎን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያለው ነው። ኤምዲኤፍ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም።

ማስተካከያ ብሎኖቹን ስትነኩ አንድ ነገር አትርሱ፦ ማጠፊያው የተሠራው ለቆመ በር ነው፣ እኛ አጋድመነዋል። ስለዚህ በሩን ግራና ቀኝ የሚያስኬደው ብሎን እዚህ ፊቱን ያነሳል፣ ያወርዳል።

ማጠፊያው ፊቱን አግድም አያቆምም። ወደ 110 ዲግሪ ድረስ ይወርድና በራሱ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ልጅ ክንዱን አሳርፎ ከተደገፈበት ሲኒው ከነብሎኑ ይነቀላል። መያዣ የግድ ነው። ሰንሰለት ወይም ጠፍር ርዝመቱ ይሰላል፦ ፊቱ ላይ ከመታጠፊያው 12 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ከፍታው 12፣ ከፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታስሩ 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀዳዳውን ከመጨረሳችሁ በፊት በስኳድራ አረጋግጡ። ሰንሰለት ሲዘጋ ተንጠልጥሎ ጠርዙ ላይ ይነከሳል። እኔ 15 ሚሊ ስፋት ያለውን ጠፍር እመርጣለሁ፤ መሐሉ ላይ አንዴ አጥፋችሁ በመዶሻ ብትጠፈጥፉት ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በክረምት ትንሽ ይለጠጣል፤ ስለዚህ በአንዱ ጫፍ ሁለተኛ ቀዳዳ ይኑረው። ሁለቱም ጎን ይታሰር፣ አንድ ብቻ ከሆነ ፊቱ ይጣመማል።

እጀታውን ከመሐል አታንሱት ይላሉ መልኩ እንዳይለወጥ። እውነት ነው፣ ግን የማጠፊያው ስፕሪንግ ጠንካራ ከሆነ መሐሉን ይዞ መክፈት ይከብዳል። ተጭኖ የሚከፈት መቆለፊያ ከፈለጋችሁ ማጠፊያው ስፕሪንግ የሌለው መሆን አለበት፤ ባለስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። ለኬብሉ ከኋላ 60 ሚሊ ቀዳዳ ክፈቱ፤ ሪሲቨሩ ይሞቃል፣ ፊቱ ተዘግቶ ሳለም ሪሞቱን አይሰማም።