ወይራ የሌለበት ጭስ

ቅዳሜ ማታ፣ ከባምበርግ ወደ ኑረምበርግ፣ ባቡር ላይ

ኪሴ ውስጥ አንድ ክብ ካርቶን አለ። ብርጭቆ የሚቀመጥበት። ጠርዙ ላይ አራት የእርሳስ ጭረት አለበት። አስተናጋጁ ቢራ ባመጣ ቁጥር አንድ ይጭራል፤ ስንነሳ ጭረቱን ቆጥሮ ሂሳቡን ነገረን። ከአራቱ ሦስቱ የእኔ ናቸው። አራተኛው የጓደኛዬ ነው፤ እሱንም ሳይጨርሰው ነው የተነሳው። አሁን ፊት ለፊቴ ተኝቷል።

ከፍራንክፈርት ለቅዳሜና እሁድ መጥቶ ነው። ስለ ቢራ ያለው እምነት አጭር ነው፦ ከቀዘቀዘ ቢራ ነው፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ከዓምና ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። የቀመስኩትን ሁሉ እጽፍበታለሁ። «ቢራ ነው ወይስ ማትሪክ?» እያለ ይስቅብኛል።

ደብተሩ የሚጀምረው አይፒኤ በሚባል የቢራ ዓይነት ነው። ኑረምበርግ ውስጥ አንድ ክራፍት ቢራ ቤት የቀመስኩት ነው። ድፍርስ ያለ፣ ጁስ የሚመስል። ሽታው ማንጎ ማንጎ ይላል፣ ማንጎ ግን የለበትም። ሁሉም ከሆፕስ ነው፣ ቢራን ከሚያመርረው ተክል። ሆፕስ ሲፈላ ምሬቱ ይወጣል፣ ሽታው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ እርሾው ሥራውን ሲጨርስ እንደገና ሌላ ሆፕስ፣ በብርዱ፣ ይዘፈዝፉበታል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ደስ ይላል። ሁለተኛው ላይ ሽቶ የጠጣሁ መሰለኝ። እዚህ አገር ሆፕስ ብርቅ አይደለም፤ ከኑረምበርግ ወደ ሙኒክ ሲኬድ መሃል ላይ ሃላርታው የሚባለው አካባቢ በረጃጅም እንጨትና ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሆፕስ ብቻ ነው።

ከዚያ የስንዴ ቢራ። ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም፣ የእርሾው ሥራ ነው። ደብተሬ ላይ «ለቁርስ ይሆናል» ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላስታውስም።

ዛሬ ባምበርግ ስንደርስ መጀመሪያ ማርስ ብሮይ የሚባል ቢራ ቤት ገባን። እዚያ የታወቀው ቢራ «ኡንገሽፑንዴት» ይባላል፣ ያልተወተፈ እንደ ማለት ነው። ድሮ በርሜሉ ጥርቅም ተደርጎ ስለማይዘጋ ጋዙ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቢራው አይወጋም፣ ለስለስ ይላል። አልተጣራም ደግሞ። ጓደኛዬ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «ይሄማ ጉሽ ነው» አለ። ከዚያ የተሻለ ስም እኔም አላገኘሁለትም። እሱን ወዶታል።

ነገር የተበላሸው ሽሌንከርላ ስንገባ ነው። ከካቴድራሉ ሥር ያለ፣ በፈረንጆቹ 1405 ጀምሮ በሰነድ የሚታወቅ ቤት። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ጣሪያው በዕድሜ የጠቆረ። ቢራውን ከእንጨት በርሜል ነው የሚቀዱት። ጥቁር ነው። ገና አፌ ጋ ሳስጠጋው ጭስ ሸተተኝ። ስጎነጨው ቋንጣ! ያውም ምድጃ በላይ ተሰቅሎ የከረመ ቋንጣ።

«አንተ፣ የተቃጠለ ነገር ገብቶበታል። መልስላቸው» አለኝ ጓደኛዬ።

«ስሙ ራሱ የጭስ ቢራ ነው እኮ።»

«ስም ያወጡለት ካቃጠሉት በኋላ ይሆናላ።»

የከተማው ሰው ግን እስከ ሦስተኛው ብርጭቆ ታገስ ይላል። እኔ ሁለተኛው ላይ ተሸነፍኩ። ብቅሉን የሚያደርቁት ቢች በሚባል ዛፍ እንጨት እሳት ላይ ነው፣ ጭሱ እህሉ ውስጥ ይገባል። ዱሮ አብዛኛው ብቅል በእንጨት እሳት ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ማለቱ ብርቅ አልነበረም። በኋላ ጭሱን ከእህሉ የሚለይ ማድረቂያ መጣና ቀረ። እዚህ ከተማ ግን ይሄ ቤትና ሽፔትሲያል የሚባለው አልተዉትም። የሽፔትሲያል ጭሱ ቀለል ይላል፣ ባለፈው መጥቼ ቀምሼዋለሁ። ለጀማሪ እሱ ይሻል ነበር። ጓደኛዬን በቀጥታ ወደዚህ ማምጣቴ የኔ ጥፋት ነው።

ሦስተኛዬን ሄለስ አዘዝኩ፣ በጠርሙስ። ነጣ ያለ ቢራ ነው። የታጠነ ብቅል የለበትም። ግን ጭስ አለው! በጣም ትንሽ፣ ከዋጥከው በኋላ ዞሮ የሚመጣ። ቢራው የሚጠመቀው በዚያው የጭስ ቢራ በሚጠመቅበት ጋን፣ በዚያው እርሾ ነው፤ ጭሱን የሚወስደው ከዚያ ነው።

«ጋን» ብዬ ጻፍኩት እንዴ? የመዳብ ድስት ነው። ይቅር፣ አልሰርዘውም።

ምክንያቱም የእማዬም ጠላ እንደዚያ ነው። አሻሮው ሲቆላ ትንሽ ጭስ ቢነካውም፣ የጠላው ዋናው ጭስ ከእህሉ አይመጣም። ከጋኑ ነው። ልዩነቱ የእንጨቱ ነው። የነዚህ ጭስ ወደ ሥጋ ይወስድሃል። ወይራ ግን የወተት ዕቃም ይታጠንበታልና ወደ እርጎ፣ ወደ ቅቤ ነው የሚወስድህ። ደብረ ብርሃን እያለሁ ጠላ ስታቀርብልኝ «ድራፍት እጠጣለሁ» ብዬ እወጣ ነበር። ይሄንንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ጣቢያው ላይ ባቡር ስንጠብቅ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ጋኑን ስንቴ ነው የምታጥኚው?»

«ምነው ልጄ፣ ልትጠምቅ ነው እንዴ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«በግራዋ አጥቤ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ወይራውን አጫጭሼ ጋኑን እደፋበታለሁ። ስንቴ ብሎ ነገር የለም፣ እስኪሸተኝ ነዋ! ይቆጠራል እንዴ?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጥቁሩን ቢራ፣ በርሜሉን፣ የእንጨት እሳቱን፣ ስድስት መቶ ዓመቱን። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ጓደኛዬ ከጎኔ ሆኖ «የተቃጠለ መሆኑንም ንገራት» ይላል።

«ጌሾውስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ጌሾ የላቸውም እማዬ። ሆፕስ የሚባል አበባ ነው የሚያደርጉበት።»

«አበባ?»

«አበባ።»

«እንግዲህ ለእነሱ ይሁንላቸው» አለችና ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ።