ባዶ መሶብ፣ 96 ኪሎ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የካርጎ ቢሮ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ እንመዝናለን፣ እናሽጋለን፣ ወረቀቱን እንጨርሳለን። የንግድ ዕቃ የሚልክ ሰው ብዙም አይከራከርም። ጭቅጭቁ የቤት ዕቃ ላይ ነው። በተለይ ባሏ ዘንድ የምትሄድ ሙሽራ ስትመጣ ከኋላዋ እናት፣ ወንድም፣ አክስት፣ አንዳንዴ ጎረቤትም አለ። ሁሉም ስለ ኪሎ የሚለው አያጣም።

የዚያን ቀኗ ሙሽራ ወደ ቨርጂንያ ነው የምትሄደው። ቪዛዋ ወጥቷል። ሁለቱን ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች በልብስና በበርበሬ ሞልታ ጨርሳለች። የቀረው የእናቷ መሶብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሰርግ ስጦታ ሳህኖችና አንድ ትልቅ ካርቶን ጋቢና ነጠላ ነው። ለመሶቡ ወንድሟ አናጺ ጋ ሄዶ ሣጥን አሠርቶለታል። ወፍራም ጣውላ፣ ዙሪያውን ሚስማር። ሥራው ያኮራል። ሁለት ሕፃን ያስተኛል ግን።

ሚዛን ላይ ወጣ፤ 24 ኪሎ። የሥራ ባልደረባዬ በሜትር ለካና ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አድርጎ «96 ኪሎ» አለ።

ወንድምየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «የራሳችሁ ሚዛን 24 እያለ አንተ 96 ትላለህ? በቀን ነው እንዴ የምትዘርፉን?» ባልደረባዬ እንደ ልማዱ «የአየር መንገድ አሠራር ነው» አለው። ይህቺ መልስ እኛ ቢሮ ውስጥ የከረመች ናት። ውሸት አይደለችም፤ ግን ማንንም አሳምና አታውቅም። ሰው ጆሮ የምትገባው «ዝም ብለህ ክፈል» ሆና ነው።

እናትየው እስካሁን አልተናገሩም። «እስቲ ልጄ፣ እንዴት እንደምታሰሉት አሳየኝ» አሉኝ። ወረቀት አወጣሁ። ጎኑ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 90። ሦስቱ ሲባዙ 576,000። 6000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ቦታ እንደ አንድ ኪሎ ስለሚቆጠር ለ6000 ሲካፈል 96። አውሮፕላን ላይ ዕቃ ለክብደቱ ብቻ ሳይሆን ለሚይዘው ቦታም ይከፈልበታል፤ ከሁለቱ የበለጠው ይታሰባል።

ወረቀቱን አዩት፤ ሣጥኑንም አዩት። «እንግዲያ የምንከፍለው ለአየሩ ነዋ!»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ብሎኝ ነው አየር የምልከው? በል ክፈተው!»

ሣጥኑ ያው መቅረቱ አይቀርም ነበር። አሜሪካ ያልታከመና ማኅተም የሌለው የጣውላ ማሸጊያ አያስገባም፤ እንጨቱ ውስጥ ተባይ ሊኖር ይችላል ብለው ነው። ኮምፐንሳቶ ግን ይህ ሕግ አይመለከተውም። ስለዚህ በኮምፐንሳቶ መሶቡን ልክክ የሚያደርግ ሣጥን ተሠራ፤ 60 በ60 በ75።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እናትየው ለማንም አላስነኩም። መሶቡን ገለበጡት። እግሩ ከሥር ክፍት ነው፤ ነጠላዎቹን እየጠቀለሉ እዚያ ጠቀጠቁ። አቃኑትና ሆዱን በጋቢ ሞሉት። ጀበናዋን በሹራብ ጠቅልለው መሀሉ ላይ አስቀመጧት። ክዳኑም ባዶውን አልሄደም። በሣጥኑ አራት ጥግ የተረፈውን ልብስ ወተፉበት። ያ ትልቅ ካርቶን ባዶ ሆነ። ሲመዘን 43 ኪሎ፤ በስፋቱ ሲሰላ 45። እዚህ ላይ ደግሞ ዕድል ቀናቸው፤ በአየር ካርጎ ከ45 ኪሎ ጀምሮ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ይቀንሳል።

በመሀል ከጋቢው እጥፋት አንድ ፌስታል ወደቀ። ቋንጣ።

«እማማ፣ ሥጋ አይገባም።»

«ደርቋል እኮ ልጄ! ይሄም ሥጋ ሊባል ነው?»

ይባላል። ለአንድ ፌስታል ቋንጣ ሲባል ሣጥኑ በሙሉ ሊበረበር ይችላል። የእኛ ምሳ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የዕቃው ዝርዝር ላይ ወንድምየው «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ» ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ፈታሽ ይጠራል። አንድ በአንድ ጻፍነው። አሜሪካ ቢያንስ 1 ዓመት የተገለገሉበትን የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ቅጽ 3299 የሚሞላውም ለዚህ ነው። መሶቡ ልጅቷ ያደገችበት ቤት መሶብ ስለሆነ ችግር የለበትም። የሰርጉ ሳህኖች ግን ገና ከነካርቶናቸው ናቸው። አዲስ መሆናቸውና ዋጋቸው ለብቻ ተጻፈ።

የቀረው ምጣዱ ነው። የእኛ ምጣድ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ነው። ምጣዱ እዚያ ቢሰካ ሙቀቱ ከሲሶ በታች ይወርዳል። በዚያ ሙቀት ደግሞ እንጀራ ዓይን አያወጣም። የልብስ ማድረቂያ የሚሰካበት 240 ቮልት መስመር ያለበት ቤት አለ፤ ግን ለአንድ ምጣድ ብሎ ኤሌክትሪሻን የሚጠራ ብዙ አይደለም። ሙሽራዋ ባሏ ጋ ደወለች። እሱ ለካ ቀድሞ ገዝቷል። እዚያ ያሉ አበሾች እንጀራ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አለ፤ የተሠራው ግን ለኖርዌዮች ቂጣ ነው።

እናትየው ስልኩን ተቀበሉ። «የማን ቂጣ አልከኝ?»

አስረዳቸው። ስልኩን መለሱላትና ወደ ልጃቸው ዞረው «በይ ምጣዱን ተይው፤ መሶቡን ግን ኖርዌይ አይሰጥሽም» አሏት።

ባልደረባዬ አሁን ዋጋ ከመናገሩ በፊት ወረቀት አውጥቶ ሦስቱን ቁጥር ያባዛል። ደንበኛው ራሱ ለ6000 እንዲያካፍል ካልኩሌተሩን ይሰጠዋል። ክርክሩ ጨርሶ አልቀረም፤ ሌባ የሚለን ግን ቀንሷል። የቤት ዕቃ ልልክ ነው ብሎ ለሚደውል ሰውም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሣጥን አላሠሩም አይደል?» ብለን ነው።